ለሜዳ ራሊክሮስ የትኛውን መኪና እንሥራ? ከፊት የሚጎትት፣ ከኋላ የሚገፋ፣ ወይስ በአራቱም የሚሄድ

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ጓደኛሞች ጋራዤ ውስጥ ቆመው፣ ለሜዳ ራሊክሮስ፣ በአፈር ሜዳ ላይ ከሰዓት ጋር ለሚደረግ የመኪና ውድድር፣ የትኛው መኪና ይሻላል ብለው ተጨቃጨቁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ነው፤ ጋራዤ የምለውም ከቤቴ ጋር የተያያዘች አንድ መኪና የምትይዝ ክፍል ናት። አንዱ «ሱባሩ ካልሆነ ባትለፉ ይሻላል» ይላል። ሁለተኛው ለአሮጌ ማዝዳ ሚያታ ቀብድ ሊከፍል ተነስቷል። ሦስተኛው እህቱ የተወችለትን ቶዮታ ያሪስ፣ አገር ቤት ቪትዝ የምንላትን፣ ሸጦ «እውነተኛ የውድድር መኪና» ሊገዛ አስቧል። ሦስቱም ሜዳ ላይ አንድ ዙር ነድተው አያውቁም። ሦስቱም ከአፋቸው የማይጠፋው የፈረስ ጉልበት ነው።

ያን ማታ ቆሜ ያልኳቸውን እዚህ በሥርዓቱ ላስቀምጠው። ማርካ ለማሞገስ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከዘረዘርኳቸው መኪኖች ሁለቱን ገዝቼ አንዱን በኪሳራ ሸጫለሁ። መጀመሪያ መመዘኛውን እናውጣ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መኪና በእሱ እንለካው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንለይ

ራሊክሮስ በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በየካቲት 1967 እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ፣ ሊደን ሂል በሚባል ቦታ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተጀመረው ነው። ያንን የመጀመሪያ ውድድር ቪክ ኤልፎርድ በፖርሸ 911 አሸነፈ። በዚህኛው ዓይነት መኪኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይነሱና ከፊሉ አስፋልት፣ ከፊሉ አፈር በሆነ አጭር ዙሪያ እየተጋፉ ይሮጣሉ። ከ2014 ጀምሮም የዓለም ሻምፒዮና አለው። ስዊድንና ጎረቤቶቿ ውስጥ ደግሞ ፎልክሬስ የሚባል የድሃ ወንድም አለው። ደንቡ ብልህ ነው፦ ውድድሩ ሲያልቅ መኪናህ በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ ለሽያጭ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን መኪና ይዞ የሚመጣ ሞኝ የለም። ስቶክሆልም ወይም ጎተንበርግ የምትኖሩ ካላችሁ በዚያ በኩል ጀምሩ፤ ከዚህ በታች የምለው ለእናንተ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው አሜሪካ ውስጥ የሚደረገው ነው። በ1944 የተመሠረተው ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ፣ በአጭሩ ኤስሲሲኤ፣ በየአካባቢው ቅርንጫፎቹ አማካይነት ያዘጋጀዋል። ሜዳው ሣር፣ አፈር ወይም ጠጠር ነው። መንገዱ በኮን ይሠመራል። መኪኖች ከሌላ መኪና ጋር አይጋፉም፤ የሚታገሉት ከሰዓት ጋር ነው። መግቢያው እንደየቦታው በእኛ አካባቢ ከ60 እስከ 100 ዶላር ግድም ነው። ጣሪያው የተዘጋ ተራ መኪና፣ ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው የብረት ቀፎ ሳያስፈልገው፣ ታርጋውን እንደለጠፈ ገብቶ ይወዳደራል። በቤት የተሠራ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ማስገባት ለሚፈልግ ሰው ቦታው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ሁሉን የሚወስነው ደንብ

በአስፋልት ላይ በሚደረገው አውቶክሮስ ከነዳኻቸው ዙሮች ሁሉ ምርጡ ብቻ ይያዝልሃል። አንዱን ብታበላሽ በሚቀጥለው ትክሳለህ። በሜዳ ራሊክሮስ ግን ሁሉም ዙር ይደመራል። ኮን ከመታህ በአንዱ 2 ሰከንድ፣ በር፣ ማለትም በኮኖች መሃል ማለፍ ያለብህን ክፍተት፣ ከሳትክ 10 ሰከንድ ይጨመርብሃል።

ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 8 ዙር ነዳን እንበል። አንዱ ኃይለኛ መኪና ይዞ እያንዳንዱን ዙር በ62 ሰከንድ ጨረሰ፤ 8 ጊዜ 62፣ 496 ይመጣል። ግን 5 ኮን መታ፣ አንድ በርም ሳተ፤ 20 ሰከንድ ተጨመረበትና 516 ሆነ። ሌላው በደካማ መኪና በየዙሩ 2 ሰከንድ ወደኋላ እየቀረ፣ አንድም ኮን ሳይነካ 8 ጊዜ በ64 ነዳ፤ 512። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። መኪናው በስድስተኛው ዙር ቆሞ የቀረበት ሰው ደግሞ ጭራሽ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ያልተጨረሰ ዙር የሚያመጣው ቅጣት የቀኑን ሥራ ሁሉ ይበላዋል።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው መኪና ይፈጥናል?» መሆን የለበትም። «የትኛው መኪና ስምንቱንም ዙር ነድቶ፣ እሑድ ማታ በራሱ ጎማ ቤት ይገባል?» ነው።

መመዘኛዎቹ

*ጽናት።* ከላይ በተባለው ምክንያት አንደኛ ነው። ፍጥነት የሚባለው የሚቆጠረው ጽናት ካለ በኋላ ነው።

*መለዋወጫ።* አዲስ አበባ ብንሆን ኖሮ ጥያቄው «ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ?» ነበር። እዚህም ያው ነው፤ አሮጌ መኪኖች ተደርድረው በገዛ መፍቻህ ፈትተህ የምትወስድባቸው ግቢዎች አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ እዚያ ሂዱና የምትፈልጉት ዓይነት መኪና ስንት እንደቆመ ቁጠሩ። አምስት ከቆመ ጥሩ ነው። አንድም ከሌለ ጎማውን የሚይዘው እግር ሲሰበር መተኪያውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፖስታ ትጠብቃላችሁ።

*ሆድ።* የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ ማለት ነው፤ ይህን ሰው ይንቀዋል። ጠዋት ሜዳው ለስላሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ሠላሳና አርባ መኪና በአንድ መስመር እየተመላለሰ ጥምዝ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ ጥልቅ ሲሆን ዝቅ ያለ መኪና በሆዱ ይቀመጣል፤ የሞተር ዘይት መያዣው፣ ማርሚታው፣ የፍሬን ቱቦው በአፈሩ ላይ ይንሸራተታሉ። ፒስታ መንገድ ላይ ከከተማ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያውቀዋል።

*ምድብ።* ኤስሲሲኤ መኪኖችን በሚነዳቸው ጎማና በተደረገባቸው ለውጥ ልክ ይከፍላቸዋል። ስቶክ ከፋብሪካ እንደወጣ ማለት ነው። ፕሪፔርድ ሾክና ሞላ፣ አየር ማስገቢያና ማርሚታ የመሳሰለውን ይፈቅዳል። ሞዲፋይድ ከዚያ ያለፈ ነው፤ ወንበርና ምንጣፍ ማውጣት፣ ሞተር መቀየር። ጨርሶ በእጅ ለተገጣጠሙት ኮንስትራክተርስ የሚባል ምድብ አለ። የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት አንድም ነገር ፈትታችሁ አትጣሉ። የኋላ ወንበር ባወጣችሁበት ማግስት በየክረምቱ ሞተር ከሚቀይሩ ሰዎች ጋር በአንድ ምድብ ትሰለፋላችሁ።

*ጠቅላላ ወጪ።* የመኪናው ዋጋ የወጪው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጎማ፣ ሄልሜት፣ የሞተር ሥር መከላከያ፣ ዘይት፣ ፍሬን ሸራ፣ ቤንዚንና የተሰበረውን መተኪያ ነው። በኪሳችሁ ያለው 4 ሺህ ዶላር ከሆነ የ2 ሺህ መኪና ነው የምትፈልጉት።

ከፊት የሚጎትት፦ ሲቪክ፣ ፎከስ፣ ያሪስ

ክብር አይሰጠውም። የጓደኞቼ ሳቅም የመጣው በዚህ ነው። ግን በመመዘኛው ላይ አንድ በአንድ እናስቀምጠው።

ከ1992 እስከ 2000 የተሠሩት ሆንዳ ሲቪኮች አንድ ቶን ገደማ ናቸው፤ ሞተራቸው በትዕግሥቱ የታወቀ ነው። ችግራቸው ዕድሜ ነው። እዚህ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ሲቪክን ከኋላ ጎማ በላይ ይጀምርና ይበላዋል። ፎርድ ፎከስ፣ በተለይ ከ2000 እስከ 2007 ያለው፣ ከሥር ጠንካራ ነው፤ የኋላ እግሩ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ ቦዩ ውስጥ ጎማው መሬት አይለቅም። ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ማንም አይሻማበትም።

ያሪስን ግን ጠጋ ብለን እንያት፤ እኔም ዛሬ የምነዳው የራሴን ያሪስ ነው። 2007 ላይ የተሠራች ባለ ሁለት በር፣ በእጅ ማርሽ። ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ 106 የፈረስ ጉልበት። ቺንጋዋ የሚበጠስ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ክብደቷ 1,050 ኪሎ ግድም። የኋላ እግሯ አንድ ላይ የተያያዘ ስለሆነ ቦይ ውስጥ ትዘላለች፤ ጥምዝ ላይ የውስጠኛው የፊት ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፤ አንዱ ጎማ ባዶውን ሲሽከረከር ጉልበቱን ለሌላው የሚያካፍል ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል የላትም። እነዚህ እውነተኛ ድክመቶች ናቸው። ግን ከፊት የሚጎትት መኪና የሚሰጠው አንድ ነገር አለ፦ ስትሳሳት ይምርሃል። ጥምዙን ፈጥነህ ከገባህ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ነዳጁን ትለቃለህ፣ አፍንጫው ይመለሳል። የእጅ ፍሬኗን ላፍ አድርገህ ጭራዋን ማዞር ትችላለህ። ጀማሪ በአንድ ቀን የሚማረው ነገር ነው።

በሁለተኛው ውድድሬ የሆነውን ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ለስለስ ያለ ጎማ ይይዛል ብዬ ነፋሱን ወደ 24 ፒኤስአይ አወረድኩት። አራተኛው ዙር ላይ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ቦይ ውስጥ የግራው የፊት ጎማ ከቸርኬው ወለቀ። ወርጄ ሳይ በጎማውና በቸርኬው መሃል ሣርና አፈር ታጭቋል፤ እንደ ሳምቡሳ የተሞላ። መለዋወጫ ጎማ ስቀይር አንድ ሽበታም ተወዳዳሪ ክሪኩን ይዞልኝ «አርባ አካባቢ አድርገው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ቦዩ ግን ግድግዳ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በ38 ነው የምነዳው። ጎማው አልወለቀም።

ለዚህ ዓይነት መኪና መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። አምስት ሚሊ አሉሚኒየም ላሜራ ቆርጣችሁ ከሞተር ሥር እሰሩ፤ የዘይት መቀየሪያውን ቀዳዳ አትርሱ፣ እኔ ረስቼ በየዘይቱ ስምንት ብሎን ስፈታ ከርሜአለሁ። ከጎማ ኋላ የጭቃ መከላከያ ጎማ ስቀሉ። ቸርኬውን ትንሽ፣ የጎማውን ጎን ረጅም አድርጉ፤ 15 ኢንች ላይ የበረዶ ጎማ በርካሽ ከሚገኘው ሁሉ ይበልጣል። ሌላው ይቆይ።

ከኋላ የሚገፋ፦ ሚያታና ቢኤምደብሊው

ማዝዳ ሚያታ መንዳት የሚያስተምር መኪና ነው ቢባል ውሸት የለበትም። ከ1990 እስከ 1997 የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ቶን ገደማ ነው። መጀመሪያ 1.6 ሊትር 116 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ከ1994 ጀምሮ 1.8 ሆነ። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል የተከፈለ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ጭራው ይወጣል፣ ስትለቅ ይመለሳል፤ መሪህን በእግርህ ትይዘዋለህ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ቆሜ ኮን ሳነሳ ሚያታ በጎኑ ሲያልፍ ካየሁ የኔ ያሪስ እንደ ታክሲ ትታየኛለች።

ችግሩ ሆዱ ነው። ሚያታ ዝቅ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቦዩ ሲጠልቅ መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ረዘም ያለ ሞላና ጠንካራ የሥር መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ሞላ ከቀየራችሁ ደግሞ ከስቶክ ትወጣላችሁ። ጣሪያው ክፍት ስለሆነ የሚጠየቀውን የመገልበጥ መከላከያ ወይም ጠንካራ ጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ከአዘጋጁ ጠይቁ፤ ከገዛችሁ በኋላ ብትጠይቁ ዋጋው ሌላ ነው። ቁመታችሁ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ካለፈ ሄልሜት አድርጋችሁ ገብታችሁ ሞክሩት። አራት መለዋወጫ ጎማ የሚይዝ ቦታም የለውም። ስትገዙ ሊሚትድ ስሊፕ ያለውን ፈልጉ፤ ከ1994 በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ የተገጠመው ቶርሰን የሚባለው ዓይነት ከቀድሞው ይሻላል። ዲፈረንሻሉን በይዶ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ የሚያሠራም አለ። ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ግን ሞዲፋይድ ያስገባችኋል፣ የገበያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስትዞሩም ጎማው ይጮሃል።

የ1990ዎቹ ቢኤምደብሊው 3 ተከታታይ፣ ኢ-36 የሚሉት፣ ከሚያታ ከፍ ያለ ነው፣ ሰውም ጎማም ይይዛል፣ ለረጅም ሰውም ይሆናል። ክብደቱ ወደ 1,400 ኪሎ ይጠጋል። በሽታው ማቀዝቀዣው ነው፤ የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ነው፣ የቀድሞዎቹ የውሃ ፓምፖች ውስጣቸው ፕላስቲክ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ፕላስቲክ ደግሞ አያስጠነቅቅም። ከኋላ እግሩ የሚታሰርበትን ቦታ ክሪክ ላይ አውጥታችሁ በባትሪ እዩት። ይህን ሁሉ በገዛችሁ ሳምንት ከቀየራችሁ ጥሩ መኪና ነው። አሮጌው ኢ-30 ግን ሰብሳቢዎች ዋጋውን ሰቅለውታል፤ ጭቃ ውስጥ ለመክተት አይሆንም።

ከኋላ በሚገፋ መኪና እርጥብ ሣር ላይ የመነሻው ሰከንድ ያሳዝናል። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ቆሟል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ምድቡ ለብቻ ስለሆነ ግን የምትወዳደሩት እንደ እናንተው ከሚሽከረከሩት ጋር ነው።

በአራቱም የሚሄድ፦ ኢምፕሬዛ

ሱባሩ ኢምፕሬዛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጭቃ ላይ ሌላው ሲንገዳገድ እሱ ይነሳል። እግሩ ረጅም ነው፣ ሆዱ ከፍ ያለ ነው። ከ1998 እስከ 2001 እዚህ የተሸጠው 2.5 አርኤስና በ2002 ወደ አሜሪካ የገባው 227 የፈረስ ጉልበት ያለው ደብልዩአርኤክስ በየሜዳው የሚታዩት ናቸው። የመጀመሪያ መኪናዬም 1999 አርኤስ ነበረች።

ሻጩ «የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተቀይሯል» አለኝ፤ በሞተሩ ራስና አካል መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስተኛው ውድድር ላይ፣ ሰባተኛ ዙር ጨርሼ ተራ ስጠብቅ፣ የሙቀት መርፌው ቀስ ብሎ ከመሃል ተነሳ። ኮፋኖ ከፈትኩ። የራዲያተሩ ተጨማሪ የውሃ ዕቃ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ እንደ ሽሮ ድስት። የዚያ ዘመን 2.5 ሊትር ሱባሩ ሞተር ጋርኒሲዮኑ በውስጥ ሲያፈስ የሚያሳየው ይህን ነው። ሞተሩን ማውረድ ነበረብኝ። ስምንተኛው ዙር አልተነዳም፤ መኪናዋም በተጎታች ተጭና ገባች። ሁለት ወር ጋራዤ ውስጥ ቆመችና ሸጥኳት።

ስለዚህ በመመዘኛው ስንለካው፣ ከኢምፕሬዛ የምትገዙት ዝግጁ ችሎታ ነው፤ የምትከፍሉት ደግሞ በጽናት ነው። የ2002 ደብልዩአርኤክስ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ በኃይለኛ አነሳስ እንደሚሰበር መካኒኮቹ ሁሉ ያውቁታል። ሞተሩን አስጩኻችሁ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ ልማድ ከሆነባችሁ አንድ ቀን ጥርሱ ይረግፋል። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና እኩል ያለቀ መሆን አለበት፤ አንድ ጎማ ከተቀደደ የመሃሉን ዲፈረንሻል ላለመጉዳት አንዳንዴ አራት ትገዛላችሁ። አክስሉ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፤ የሚሰበረው ነገር ሁሉ እጥፍ ነው።

ሌላም አለ። በእኛ አካባቢ በአራቱም የሚሄዱት ምድብ ውስጥ የሚነዱት ሰዎች ልምድ ያላቸው ናቸው። ሱባሩ የገዛ ጀማሪ ጭቃ ላይ ሁሉ የሚወጣበት ስለሚመስለው ስህተቱን መኪናው ይሸፍንለታል፤ ሲሸፍንለት ደግሞ አይማርም። በውጤት ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስሙን ሲያይ መኪናው ነው ብሎ ሌላ ክፍል ይገዛል።

ባጭሩ ሲቀመጥ

ዋጋዎቹ እኔ ባለፉት ዓመታት በአካባቢዬ ለሽያጭ ሲወጡ ያየኋቸው፣ የሚሄዱ ግን የተጎሳቆሉ መኪኖች ናቸው። እናንተ ከተማ ሊለያይ ይችላል።

| መመዘኛ | ያሪስ፣ ሲቪክ፣ ፎከስ | ሚያታ | ቢኤምደብሊው ኢ-36 | ኢምፕሬዛ |
|---|---|---|---|---|
| የመግዣ ዋጋ በዶላር | ከ2,000 እስከ 3,500 | ከ4,000 እስከ 7,000 | ከ3,500 እስከ 6,000 | ከ5,000 እስከ 8,000 |
| ጽናት | ከፍተኛ፤ ሲቪክ ዝገቱ ይታይ | ጥሩ | ማቀዝቀዣው ከታደሰ ጥሩ | ጋርኒሲዮንና ካምቢዮ ያሰጋል |
| መለዋወጫ | በየግቢው አለ | በተለይ ለእሱ የተሠራ ብዙ አለ | መካከለኛ፣ ውድ | አለ፤ ግን ተሻሚው ብዙ ነው |
| ሆድ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ |
| እርጥብ ሣር ላይ | ይሄዳል | ይቸገራል | ይቸገራል | አይቆምም |
| መንዳት ማስተማር | ይቅር ባይ ነው | ከሁሉ ይበልጣል | ጥሩ | ስህተት ይሸፍናል |
| የዓመት ጥገና | ትንሽ | መካከለኛ | መካከለኛ | ብዙ |

ማን የትኛውን ይውሰድ

ኪሳችሁ ውስጥ በጠቅላላው 3,500 ካለ፣ ከፊት ከሚጎትተው ሌላ አትዩ። ደጃችሁ የቆመ ያሪስ ወይም ኮሮላ ካለ ደግሞ እሱን አትሽጡ። በእጅ ማርሽ ቢሆን ይመረጣል፤ አውቶማቲክም ግን ይገባል፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሚጎዳችሁ እሱ አይደለም። ከ400 እስከ 500 ለበረዶ ጎማ፣ 250 ለሄልሜት፣ የቀረውን ለመግቢያና ለቤንዚን። ሄልሜቱ የስኔል፣ የሄልሜት ጥንካሬ የሚፈትነው ድርጅት፣ ማህተም ይኑረው፤ የማህተሙ ዘመን አልፎ እንደሆነ ከውስጥ ያለውን ወረቀት ገልጣችሁ አንብቡ። በብዙ ዝግጅት ለጀማሪ የሚያውሱት አለ፤ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።

እስከ 7,000 ካላችሁና ግባችሁ ዋንጫ ሳይሆን መንዳት መማር ከሆነ፣ ሚያታ። ግን የሆድ መከላከያውንና የጣሪያውን ጉዳይ በመግዣው ዋጋ ውስጥ ጨምሩት። ቤተሰብ ያላችሁና ሰኞ ሥራ በዚያው መኪና የምትሄዱ ከሆናችሁ ኢ-36 ይሻላል፤ የልጅ ወንበር ይገባበታል።

10 ሺህ ካላችሁ፣ በእጃችሁ ሞተር ማውረድ የምትችሉ ከሆነ፣ እና ሌላ የሥራ መኪና ካላችሁ ብቻ ኢምፕሬዛ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይቅር። ስትገዙ የጋርኒሲዮኑን ሥራ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ሞተሩን ሃያ ደቂቃ አሙቃችሁ ተጨማሪውን የውሃ ዕቃ እንጂ ራዲያተሩን ሳይሆን ከፍታችሁ እዩ።

ከቧንቧ ብረት በይዶ አዲስ ነገር መሥራት የሚያምረው ሰውም አለ። ብየዳ ከቻላችሁ ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ሁለት ዓመት ተበይዶ ያላለቀ ሻንሲ ስንት ጋራዥ ውስጥ እንዳየሁ ብነግራችሁ ትሥቃላችሁ። የብረት ቀፎ ለመንገድ መኪና ከማስገባታችሁ በፊትም አንድ ነገር እወቁ፤ ሄልሜት ባላደረገ ጭንቅላት አጠገብ ያለ ብረት፣ ገበያ ስትሄዱ አደጋ ቢደርስ እሱ ራሱ ይገድላል።

የመድን ውላችሁንም አንብቡ። አብዛኛው የግል መኪና መድን በሰዓት የሚለካ ውድድርን አይሸፍንም። ሜዳ ላይ የተሰበረው በኪሳችሁ ነው፤ ስለዚህ ስትሰብሩት የማያስለቅሳችሁን መኪና ግዙ።

ዋጋም መኪናም የሌላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ። አንድ መኪና ለሁለት ሰው መንዳት ይፈቀዳል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ መግቢያችሁን ከፍላችሁ፣ የጎማና የቤንዚን ድርሻችሁን ሰጥታችሁ ትነዳላችሁ። ተወዳዳሪ ሁሉ ደግሞ በተራው ሜዳ ላይ ቆሞ ኮን ያነሳል፤ ያ ሥራ አሰልቺ ይመስላል እንጂ ነጻ ትምህርት ነው። ጥምዝ ጥግ ቆማችሁ ሃያ መኪና ሲያልፍ እዩ፦ ማን ቀድሞ ነዳጅ ለቀቀ፣ ማን ቦዩን ትቶ ከውጭ ባለው ልስልስ አፈር ዞረ፣ የማን ሆድ ነካ። ዝግጅቱ ብዙ ጊዜ እሑድ ስለሆነ ቅዳሴ ላይ ስላልታያችሁ የምታስረዱት ሰው ይኖራል። ፔርሙስ ቡናና ዳቦ ቆሎ ያዙ፤ ሜዳው አጠገብ የሚሸጥ ምግብ ላይኖር ይችላል።

ያ ባለ ያሪስ ጓደኛዬ መኪናዋን ለመሸጥ ያነሳውን ፎቶ እስካሁን ስልኩ ውስጥ ይዞታል። በመጋቢት መጨረሻ ላሜራውን አብረን ቆርጠን ከሥሯ አሠርን፤ የዘይቱን ቀዳዳ በዚህኛው አልረሳሁም።